መጠይቁ ከመበተኑ በፊት፦ ትክክለኛነቱንና አስተማማኝነቱን ደረጃ በደረጃ መፈተሽ

ደሴ ፒያሳ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተራ እየጠበቅኩ ነበር። ከፊቴ ያለው ወጣት ፍላሹን አቀበለና "ሦስት መቶ ኮፒ፣ ፊትና ጀርባ" አለ። አንገቴን ሰገግ አድርጌ ሳይ መጠይቅ ነው። የማስተርስ ጥናቱ መሆኑ ነው። አመሌ አይለቀኝም፣ "ተማሪ ላይ ሞክረኸዋል?" አልኩት።

"አማካሪዬ አይተውታል" አለኝ።

አማካሪ ማየታቸው ጥሩ ነው። ግን አማካሪው የአሥረኛ ክፍል ተማሪ አይደሉም።

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚሄደው እንዲህ ነው። መጠይቁ ይበተናል፣ ዳታው ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ የጥናት ዘዴው በሚቀርብበት ምዕራፍ ሦስት ላይ የምትጻፍ አንዲት ቁጥር ትፈለጋለች፤ አልፋ ትባላለች፣ የአንድ ዘርፍ ጥያቄዎች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የምታሳይ ናት። አልፋ 0.70 ካለፈች እፎይ ነው። ካላለፈች ጭንቅ ነው፤ ዳታው ተሰብስቧል፣ ብሩም አልቋል። እኔ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት ነው የምለው። መጀመሪያ ተማሪው ጥያቄውን እንዴት እንደተረዳው እወቁ። ቁጥሩ ከዚያ በኋላ ይድረስ።

ለምሳሌ እንዲሆነን አንድ ጥናት ልያዝ፦ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች የአጠናን ልማድ። መጠይቁ ሦስት ዘርፍ አለው፤ ጥናትን ማቀድ፣ እርዳታ መጠየቅ፣ የቤተሰብ ክትትል። ለእያንዳንዱ ስድስት ጥያቄ፣ በድምሩ 18።

በቅድሚያ ሁለቱን ቃላት እንለያቸው

ቫሊዲቲን ትክክለኛነት፣ ሪላያቢሊቲን አስተማማኝነት እያልኩ እሄዳለሁ።

ስልኬ በፈረንጅ ሰዓት የተሞላ ነው እንበል። ጠዋት ሳየው 9፡00 ይላል። ነገም በዚሁ ሰዓት 9፡00 ነው፣ ከነገ ወዲያም። አስተማማኝ ነው። እኔ ግን በኛ አቆጣጠር "ዘጠኝ ሰዓት ሆነ" ብዬ ካነበብኩት ጉድ ፈላ፤ ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ስልኩ አልተበላሸም። የተሳሳተው ቁጥሩን የተረጎምኩበት መንገድ ነው። ትክክለኛነት ማለት ይኸው ነው፦ ከነጥቡ ተነስቼ የምሰጠው ትርጉም ማስረጃ አለው ወይ?

ስልኩ አንዴ የሚፈጥን አንዴ የሚዘገይ ቢሆን ግን በየትኛውም አቆጣጠር ባነበው አይረባኝም። ስለዚህ አስተማማኝ ያልሆነ መለኪያ ትክክለኛ ሊሆን አይችልም። አስተማማኝ የሆነው ግን ልክ ላይሆን ይችላል። አልፋ የምትነግራችሁ ስለ አስተማማኝነት ብቻ ነው። "አልፋዬ 0.86 ነው፣ ስለዚህ መጠይቄ ቫሊድ ነው" የሚል ጽሑፍ ስንቴ እንዳነበብኩ አልቆጥረውም።

ደረጃ 1፦ የምትለኩትን በአንድ ገጽ አስፍሩ

ለእያንዳንዱ ዘርፍ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። "እርዳታ መጠየቅ ስል ተማሪው ያልገባውን ነገር መምህሩን፣ ጓደኛውን ወይም ቤተሰቡን ሆን ብሎ መጠየቁ ነው። መልስ መኮረጅ አይጨምርም።" ያቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትልቅ ሥራ ትሠራለች። ምን እንደማይጨምር ካልጻፋችሁ "የቤት ሥራ ከጓደኛዬ እገለብጣለሁ" የሚል ጥያቄ ሾልኮ ይገባባችኋል።

ከዚያ ሠንጠረዥ ሥሩ፤ በግራ ዘርፉ፣ በቀኝ ጥያቄዎቹ። ባለሙያዎች የሚገመግሙላችሁ ይህንን ነው።

ደረጃ 2፦ ጥያቄውን ተማሪ የሚናገረው አማርኛ አድርጉት

ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ይህ ማለት ግን ተማሪው ስለ ራሱ በእንግሊዝኛ ያስባል ማለት አይደለም። መጠይቁን በአማርኛ ስጡት።

ከውጭ የመጣ መጠይቅ ከሆነ አንድ ሰው ወደ አማርኛ ይተርጉመው። ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ደግሞ አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው። ሁለቱን እንግሊዝኛዎች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ተመራማሪው ብሪስሊን እ.ኤ.አ. በ1970 በስፋት ያሳወቀው ይህ የመልሶ ትርጉም ዘዴ ዛሬም ይሠራል። አንድ ጊዜ "መረዳቴን እቆጣጠራለሁ" ብለን የተረጎምነው ጥያቄ ሲመለስ ስለ ሥልጣን የሚያወራ ነገር ሆኖ መጣ። በመጨረሻ "ሳነብ ቆም እያልኩ ገብቶኛል ወይ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ" አልነው። ረዝሟል፣ ግን ሰው የሚናገረው እንደዚህ ነው።

አማርኛው ራሱ የሚያመጣቸው ወጥመዶችም አሉ። "ታጠናለህ/ታጠኛለሽ" እያሉ ገጹን በእዝባር (/) መሙላት አንዱ ነው። "አጠናለሁ" በሉት፤ በአንደኛ መደብ ከጻፋችሁ የጾታው ጣጣ ይቀራል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው አሉታ ነው። "ክፍል ውስጥ ጥያቄ ለመጠየቅ አልፈራም" ብላችሁ ጻፋችሁ እንበል። አማራጩ ደግሞ "አልስማማም" ይላል። ተማሪው "አልፈራም በሚለው አልስማማም፤ እንግዲህ እፈራለሁ ማለት ነው" ብሎ ማስላት አለበት። አብዛኛው አያሰላም። ዓይኑ "አል" የሚለውን ሲያይ እጁ ወደ "አል" ይሄዳል። "ጥያቄ ለመጠየቅ እፈራለሁ" ብላችሁ ጻፉትና ነጥቡን በኋላ ገልብጡት።

"መምህሬ በግልጽና በትዕግሥት ያስረዳኛል" የሚል ጥያቄ ሁለት ጥያቄ ነው፤ ለሁለት ክፈሉት። ስለ ድርጊት ስትጠይቁ ከ"እስማማለሁ" ይልቅ ድግግሞሽ ይሻላል፦ ሁልጊዜ፣ ብዙ ጊዜ፣ አንዳንዴ፣ ከስንት አንዴ፣ በጭራሽ። "አንዳንዴ"ንና "አልፎ አልፎ"ን ግን አንድ መስመር ላይ አታስቀምጡ። ልዩነታቸውን እኔም አላውቀውም።

ደረጃ 3፦ ባለሙያዎች ይገምግሙት

ከአምስት እስከ አሥር ሰው ፈልጉ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የሥነ ትምህርትና የሥነ ልቦና መምህራን አሉ። ግን ቢያንስ ሁለቱ በዚያ ክፍል ደረጃ አሁን የሚያስተምሩ ይሁኑ፤ የተማሪውን ቋንቋ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከ1 እስከ 4 ነጥብ ይስጡ። 1 ማለት ከዘርፉ ጋር አይገናኝም፣ 4 ማለት በጣም ይገናኛል። ከዚያ 3 ወይም 4 የሰጡትን ቆጥራችሁ ለጠቅላላው አካፍሉ። ከስድስት ባለሙያ አምስቱ ከሰጡ 0.83 ነው። አራቱ ብቻ ከሰጡ 0.67። ባለሙያዎቹ ስድስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ የተለመደው መነሻ 0.78 ነው፤ አምስትና ከዚያ በታች ከሆኑ ሁሉም መስማማት አለባቸው። የይዘት ትክክለኛነት መለኪያ የሚባለው ይህ ነው።

ከቁጥሩ ጎን ባዶ መስመር ተዉላቸው። "ይህ ጥያቄ የገጠር ልጅን አያውቀውም" የምትል አንዲት የእጅ ጽሑፍ ከነጥቡ በላይ የጠቀመችኝ ጊዜ አለ።

ደረጃ 4፦ ከተማሪ ጋር አንድ ለአንድ ቁጭ በሉ

ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው። ብር አያስወጣም፤ ሁለት ከሰዓት በኋላ ይበቃል። እኔ ሁሉንም ተውና አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው እሱን ነው።

ከአምስት እስከ ስምንት ተማሪ ይበቃል። ጎበዝም ሰነፍም፣ ሴትም ወንድም፣ የከተማም የገጠርም ይኑርበት። ኮምቦልቻና አካባቢው ከሆናችሁ አፍ የፈታው በኦሮምኛ የሆነ ተማሪም አትርሱ። መጠይቁን ስጡትና እያንዳንዱን ጥያቄ ጮክ ብሎ አንብቦ የሚያስበውን እንዲነግራችሁ አድርጉ።

"ገባህ?" ብላችሁ አትጠይቁ። "ገባኝ" ይላል። የኛ ልጅ መምህርን "አልገባኝም" ብሎ ማሳፈር አይወድም። "በራስህ አባባል ንገረኝ"፣ "ለምን 4ን መረጥክ?"፣ "ይህን ስታነብ የትኛው ቀን ትዝ አለህ?" በሉት።

ደሴ ላይ አንድ ልጅ "ወላጆቼ የቤት ሥራዬን ይከታተላሉ" የሚለው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን እንዳንጠለጠለ ቀረ።

"ምን አሰብክ?" አልኩት።

"ቲቸር፣ እኔ እዚህ ተከራይቼ ነው የምኖረው። አባቴ ለሰኞ ገበያ ሲመጣ ስንቅ ያመጣልኛል። ያኔ ትምህርት እንዴት ነው ይለኛል። እሱ ይቆጠራል?"

ዝም አልኩ። ምን ልበለው? አባትዬው እህል ተሸክሞ፣ ገበያውን ጨርሶ፣ ልጁ የተከራየባት ክፍል ድረስ ሄዶ "ትምህርት እንዴት ነው?" ይላል። ልጁ ግን "አልስማማም" ላይ ሊያከብብ ነበር። ጥያቄው የለካው የቤተሰብን ክትትል አይደለም። ከቤተሰብ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መኖርን ነው። ልብ በሉ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩት "እስማማለሁ"፣ ተከራዮቹ "አልስማማም" እያሉ ስድስቱንም ጥያቄ ወጥ በሆነ መንገድ ቢመልሱ አልፋ ከፍ ትላለች። ስህተቱን አትይዝላችሁም፤ እንዲያውም ታሳምረዋለች።

ጥያቄውን "ቤተሰቤ ወይም የሚያሳድገኝ ሰው ስለ ትምህርቴ ይጠይቀኛል" ብለን ቀየርነው። መግቢያው ላይ ደግሞ "አሁን የምኖረው ከማን ጋር ነው?" የሚል ጨመርን።

ኮምቦልቻ ደግሞ አንዲት ተማሪ "መምህሬ ወቅታዊ ግብረ መልስ ይሰጠኛል" የሚለውን አንብባ "ሁልጊዜ" አለች። ግብረ መልስ ምን ይመስልሻል ስላት "ቲቸር ከፈተና በኋላ ሰሌዳ ላይ የሚጽፉት መልስ ነዋ!" አለችኝ። ልክ ነች፤ ቃሉ ውስጥ "መልስ" አለ አይደል? አሁን ጥያቄው "መምህሬ ፈተና ካረመ በኋላ የት ላይ እንደተሳሳትኩ ያሳየኛል" ሆኗል።

ደረጃ 5፦ የሙከራ ጥናት

አሁን ወደ 40 ተማሪ። በዋናው ጥናት የማይካተቱ ግን የሚመስሏቸው ይሁኑ። ዋናው ጥናት ደሴ ከሆነ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ወርዳችሁ ኮምቦልቻ መሞከር ትችላላችሁ። የሐረጎን ቁልቁለት ስትጨርሱ ጃኬት ማውለቅ ነው እንጂ ሌላ ችግር የለውም። ብቻ የክፍል ደረጃውና የትምህርት ቤቱ ዓይነት ይመሳሰል። ለሙከራም ቢሆን ደብዳቤ ያስፈልጋል። ከ18 ዓመት በታች ለሆኑት ደግሞ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ።

ስም አታጽፏቸው። መምህሩ ወይም ርእሰ መምህሩ ክፍል ውስጥ አይቁሙ። አንድ ቦታ ላይ መምህሩ እያንዳንዱ ዴስክ ጋ እየዞረ "በትክክል ሙሉ" ሲል አይቻለሁ። "መምህሬ በደንብ ያስተምረኛል" የሚለው ጥያቄ ላይ ክፍሉ በሙሉ "በጣም እስማማለሁ" ብሎ ወጣ። የሰበሰብነው ዳታ ሳይሆን ጨዋነት ነበር።

ስንት ደቂቃ እንደፈጀ መዝግቡ። የተዘለሉ ጥያቄዎችን ቁጠሩ። አንድን ቁጥር ከላይ እስከ ታች ያከበቡትን ለዩ፤ እንደ "እፈራለሁ" ያሉት፣ ነጥባቸው የሚገለበጥ ጥያቄዎች ያጋልጧቸዋል። የራሴን ጉድ ልናገር፦ የመጀመሪያ ሙከራዬ ላይ ከ40 ተማሪ 11ዱ ጀርባውን ባዶ ትተውት መለሱ። ለካ ገጹ ታች "ገልብጡ" የሚል ነገር የለም። ይሄን የትኛውም ስታቲስቲክስ አይነግራችሁም።

ደረጃ 6፦ አልፋ

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሊ ክሮንባክ እ.ኤ.አ. በ1951 ያሳተመው ቀመር ነው። ቫሪያንስ የምለው ነጥቦቹ ከአማካያቸው ምን ያህል እንደተበታተኑ የሚለካውን ቁጥር ነው፦ የጥያቄዎቹን ቁጥር ከእሱ አንድ በተቀነሰለት ቁጥር አካፍሉ፤ ውጤቱን፣ የየጥያቄው ቫሪያንስ ድምር ለጠቅላላ ነጥቡ ቫሪያንስ ተካፍሎ ከ1 ሲቀነስ በሚገኘው አባዙት። ሲነበብ ያስፈራል። በኤክሴል ስትሠሩት ግን አምስት ደቂቃ ነው።

"እርዳታ መጠየቅ" ስድስት ጥያቄ አለው። ለማሳያ የፈጠርኳቸው ቫሪያንሶች 1.1፣ 0.9፣ 1.2፣ 1.0፣ 0.8 እና 1.0 ናቸው፤ ድምራቸው 6.0። የእያንዳንዱን ተማሪ የስድስቱን ጥያቄ ነጥብ ደምራችሁ የዚያን ድምር ቫሪያንስ ስትፈልጉ 16.0 ሆነ እንበል። 6 ለ16 ሲካፈል 0.375። ከ1 ሲቀነስ 0.625። 6 ለ5 ሲካፈል 1.2። 1.2 ሲባዛ በ0.625፣ 0.75። አለቀ።

አንድ ጊዜ በእጅ ከሠራችሁት በኋላ ሶፍትዌር ተጠቀሙ። ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ አናላይዝ፣ ስኬል፣ ሪላያቢሊቲ አናሊሲስ ነው መንገዱ። ስታቲስቲክስ የሚለውን ከፍታችሁ "ስኬል ኢፍ አይተም ዲሊትድ" ላይ ምልክት አድርጉ፤ አንድ ጥያቄ ቢወጣ አልፋ ስንት እንደምትሆን ያሳያችኋል። ጃሞቪና ጃስፕ የሚባሉት ደግሞ ነፃ ናቸው፤ ለክራክ ሶፍትዌር ፍላሽ መዋዋስ ይቅር።

አልፋ ከማውጣታችሁ በፊት የተገለበጡትን ጥያቄዎች አስተካክሉ። ባለ አምስት ነጥብ ከሆነ ከ6 ላይ ቀንሱት፤ 5 የነበረው 1፣ 2 የነበረው 4 ይሆናል። አልፋ በጣም ወርዳ ወይም ከዜሮ በታች ሆና ካገኛችኋት ከመደንገጣችሁ በፊት ይህን ተመልከቱ። ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር የተረሳው እሱ ነው።

ለየዘርፉ ለየብቻ አውጡ። የ18ቱን በአንድ ላይ ማውጣት ብዙ ትርጉም የለውም። አልፋ ከጥያቄ ብዛት ጋር ስለምታድግ ደካሞቹ ዘርፎች በብዛቱ ይሸፈናሉ። 0.60 ያለው ዘርፍ ተመሳሳይ ጥራት ባላቸው ጥያቄዎች በእጥፍ ቢበዛ 0.75 ይደርሳል፤ ጥያቄው ስለተሻለ ግን አይደለም።

0.70 እንደ መነሻ ይወሰዳል። እኔ ግን 0.66 ስላገኘ ዘርፍ ከመደናገጥ ይልቅ 0.96 ያገኘውን እጠረጥራለሁ። ምናልባት አንዱን ጥያቄ ስድስት ጊዜ እየደጋገማችሁ ነው።

ቀጥሎ "ኮሬክትድ አይተም ቶታል ኮሪሌሽን" የሚለውን፣ አንድ ጥያቄ ከቀሩት ድምር ጋር ያለውን ግንኙነት የሚያሳየውን ዓምድ እዩ። ከ0.30 በታች የሆነ ጥያቄ ከጓደኞቹ ጋር አልተግባባም ማለት ነው። ወዲያው አትሰርዙት፤ ወደ ደረጃ 4 ማስታወሻችሁ ተመለሱ። ቃሉ ነው ያስቸገረው? ወይስ ከመጀመሪያውም የሌላ ዘርፍ ነው? አልፋን ከፍ ለማድረግ ብቻ ጥያቄ እየጣላችሁ ከሄዳችሁ መጨረሻ ላይ የሚቀራችሁ ቆንጆ ቁጥርና ጠባብ መጠይቅ ነው።

መጠይቃችሁ ውስጥ ልክ ወይም ስህተት ተብሎ የሚታረም የእውቀት ፈተና ካለ ደግሞ ኩደርና ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ1937 ያወጡት፣ ኬአር 20 የሚባለው ቀመር አለ። የአልፋ ታላቅ ወንድም በሉት።

ደረጃ 7፦ ከሁለት ሳምንት በኋላ ድጋሚ

ያንኑ መጠይቅ ለእነዚያው ተማሪዎች ከሁለት ሳምንት በኋላ ስጡ። መሐል ላይ ፈተና ወይም ረጅም በዓል አይግባ፤ የአጠናን ልማዱ ራሱ ይቀየራል። ያለ ስም ለማገናኘት የእናትን ስም የመጀመሪያ ፊደልና የስልክ ቁጥር የመጨረሻ ሁለት አኃዝ አጽፉ። ስልክ የሌለው የቤተሰቡን ይጻፍ። የልደት ቀን አትጠይቁ፤ የማያውቀው ብዙ ነው።

የሁለቱ ዙር ነጥቦች አብረው ከፍና ዝቅ ማለታቸውን የሚለካው ፒርሰን ኮሪሌሽን ይበቃል የሚሉ አሉ። ሁሉም ተማሪ በሁለተኛው ዙር አንድ ነጥብ ቢጨምር ግን ፒርሰን አይታየውም። ኢንትራክላስ ኮሪሌሽን፣ ያውም ነጥቦቹ ራሳቸው አንድ መሆናቸውን፣ ማለትም ስምምነትን የሚለካው ዓይነት፣ ይሻላል። 0.70 አካባቢና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው።

ደረጃ 8፦ ዘርፎቹ እውነት ሦስት ናቸው?

ይህን የሚመልሰው ፋክተር አናሊሲስ ነው፤ መልሳቸው አብሮ የሚሄድ ጥያቄዎችን በቡድን በቡድን የሚለይ ስሌት። በ40 ተማሪ ግን አትሞክሩት። ለአንድ ጥያቄ ከ5 እስከ 10 ሰው የሚለውን የተለመደ ስሌት ብንወስድ ለ18 ጥያቄ ከ90 እስከ 180 ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ በዋናው ዳታ ላይ ሥሩት። ሶፍትዌሩ ከሚያወጣቸው ቁጥሮች ሦስቱን እዩ፦ ዳታው ለዚህ ስሌት መብቃቱን የሚያሳዩት ኬኤምኦ ቢያንስ 0.60፣ የባርትሌት ፈተና ፒ ደግሞ ከ0.05 በታች፤ ጥያቄው ከዘርፉ ጋር ያለውን ቁርኝት የሚያሳየው የየጥያቄው ጭነት 0.40 እና ከዚያ በላይ መሆኑን። ጥያቄዎቹ እናንተ ባሰባችሁት ዘርፍ ካልተሰበሰቡ ወደ ደረጃ 1 ገጻችሁ ተመለሱ።

ከውጭ መለኪያ ጋር ማነጻጸርም አለ፤ ለምሳሌ ከሴሚስተር ውጤት ጋር። ግንኙነቱ መካከለኛ ቢሆን አይግረማችሁ። ውጤት ከአጠናን ውጭ ብዙ ነገር ይነካዋል፤ መብራት መጥፋቱም አንዱ ነው።

ምዕራፍ ሦስት ላይ ምን ይጻፍ?

ሌላ አገር የተገኘ አልፋ ጠቅሳችሁ አትለፉ። አልፋ የመጠይቁ ቋሚ ንብረት አይደለችም፤ የእነዚያ ሰዎች መልስ ውጤት ናት። የሙከራውንም የዋናውንም ዳታ አልፋ ለየዘርፉ አስቀምጡ። ከዚህ የሚመስል አንቀጽ ይበቃል፦

"መጠይቁ በስድስት ባለሙያዎች ተገምግሞ ከ0.78 በታች ያገኙ ሁለት ጥያቄዎች ተሻሽለዋል። ከሰባት ተማሪዎች ጋር በተደረገ የአንድ ለአንድ ውይይት ሦስት ጥያቄዎች በአጻጻፍ ተቀይረዋል፤ ዝርዝሩ በአባሪ ተቀምጧል። በዋናው ጥናት ባልተካተቱ 40 ተማሪዎች ላይ በተደረገ ሙከራ አልፋ ለማቀድ 0.78፣ እርዳታ ለመጠየቅ 0.75፣ ለቤተሰብ ክትትል 0.68 ሆኗል።"

ቁጥሮቹ የማሳያ ናቸው፤ የራሳችሁን አስገቡ። 0.68 ያገኘውን ዘርፍ አትደብቁት። ገምጋሚ ሲጠይቃችሁ ስለ ተከራዮቹ ልጆችና ስለ ሰኞው ስንቅ የምትነግሩት ነገር አላችሁ። የድሮውንና አዲሱን አጻጻፍ ጎን ለጎን አድርጋችሁ በአባሪ አያይዙት። ፎቶ ኮፒው አንድ ገጽ ብቻ ነው የሚጨምረው።